ክርክር፦ የልጁን የክትትል ውጤት መጀመሪያ ማን ይየው?

አወያይ
የዛሬው ጥያቄ ይኸው። የካንሰር ሕክምናውን ጨርሶ ክትትል ላይ ያለ ልጅ ስካን ሲነሳ ወይም ደም ሲሰጥ፣ ውጤቱ ተጽፎ እንዳለቀ በቀጥታ ለወላጅ ስልክ ይላክ? ወይስ ሐኪሙ አይቶት ለማስረዳት እስኪዘጋጅ ይቆይ? ጥያቄውን ያነሳነው ለብዙ ወላጅ ከምርመራው ይልቅ በምርመራውና በውጤቱ መካከል ያሉት ቀናት ስለሚከብዱ ነው። በአሜሪካ ከኤፕሪል 2021 ጀምሮ በሚሠራበት ደንብ ሆስፒታሎች ውጤትን ያለ በቂ ምክንያት ማዘግየት አይችሉም። ሆን ብለው ለቀናት የሚያቆዩ አሠራሮችም አሉ። የየራሳችንን ታሪክ እንተወው፤ አሠራሩን እንነጋገር። የልጅም የሆስፒታልም ስም አይጻፍ።

የወላጆች ተወካይ
ወዲያው ይላክ። የዘገየ ውጤት ዝም ብሎ አይቀመጥም፣ ራሱ ይናገራል። አራት ጊዜ በማግሥቱ የተደወለለት ወላጅ በአምስተኛው ሦስት ቀን ዝም ሲባል "አገረሸበት" ብሎ ይደመድማል። እውነቱ ግን ፊልሙን የሚያነብበው ሐኪም ፈቃድ ላይ መሆኑ፣ ወይም የቀድሞው ምስል ተፈልጎ መታጣቱ ሊሆን ይችላል። ተደውሎ "ነገ ከባለቤትሽ ጋር ነይ፤ በስልክ አንናገርም" ሲባልማ ነገሩ ተነግሯል፤ የቀረው ዝርዝሩ ብቻ ነው። ማቆየት ከመርዶ አያድንም፣ መርዶውን ያለ ማብራሪያ ያደርሳል እንጂ።

በ2023 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 8,139 ታካሚዎችንና አስታማሚዎችን ጠይቆ፣ 96 በመቶ ያህሉ ውጤታቸው ወዲያው መድረሱ እንዲቀጥል እንደሚፈልጉ አግኝቷል። ውጤታቸው ጤናማ ካልሆነው መካከልም 95 በመቶው ያንኑ ነው ያሉት። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይፈለጋል?

ፊልም አንባቢ
እህቴ፣ ያንኑ ጥናት እስከ መጨረሻው እናንብበው። ሐኪም ሳያነጋግራቸው ውጤታቸውን ካዩት መካከል ጭንቀታቸው እንደጨመረ የተናገሩት፣ ውጤቱ ጤናማ ከሆነላቸው 5 በመቶ፣ ካልሆነላቸው ደግሞ 16.5 በመቶ ናቸው። የተጠየቁትም ከድሮውም ውጤታቸውን በስልክና በኮምፒውተር የሚከታተሉ ናቸው፤ ምርመራውም ሁሉን ዓይነት ያጠቃልላል። የኮሌስትሮል ውጤትና የልጅ የደረት ሲቲ አንድ አይደሉም።

የእኔ ክርክር ከሪፖርቱ ቋንቋ ይነሳል። ሪፖርቱን የምጽፈው ለሐኪሙ ነው። "በቀኝ ሳንባ ታችኛ ክፍል 3 ሚሊ ሜትር ነጥብ፤ ምንነቱ አልተለየም፤ የካንሰር ስርጭት ሊሆን አይችልም ማለት አይቻልም" ብዬ ስጽፍ፣ ልጁን የሚያውቅ ሐኪም "ትንሽ ናት፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ እናያታለን" ብሎ ያልፋታል። እንዲህ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦች ካንሰር በሌለባቸው ልጆች ሳንባ ላይም ይታያሉ፤ የቆየ ኢንፌክሽን ጠባሳ ወይም ትንሽ ንፍፊት ሊሆኑ ይችላሉ። ወላጅ ግን ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ብቻውን ሲያነብበው "ስርጭት" ከምትለው ቃል አልፎ አይሄድም።

በየጊዜው ሰው የሚያስደነግጡ ሌሎችም አሉ። ኬሞ ካበቃ በኋላ ባሉት ወራት ከደረት አጥንት ጀርባ ያለው የታይመስ ዕጢ ተሟሽሾ ከነበረበት እንደገና ያብጣል፤ በፔት ስካን (ስኳር መሰል መድኃኒት በደም ሥር ተሰጥቶ በሚነሳ ምስል) ላይም ይበራል። ጤናማ ማገገም ነው፣ ሲታይ ግን ያገረሸ ካንሰር ይመስላል። ልጁ በርዶት ከሆነ በአንገቱና በትከሻው ያለው ቡናማ ስብ ስኳሩን ስቦ ይበራል፤ መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት ልጁን በብርድ ልብስ የምናሞቀው ለዚህ ነው። ባለፈው ሳምንት ጉንፋን የያዘው ልጅ የአንገቱ ንፍፊቶች ያብጣሉ። መጠንም እንዲሁ ነው። ባለፈው 7 ሚሊ ሜትር የተባለው ዛሬ 8 ቢባል ጭማሪው ከመለኪያው ሊመጣ ይችላል። ሲቲ አካልን በንጣፍ በንጣፍ ከፋፍሎ ነው የሚያሳየው፤ የአንዱ ንጣፍ ውፍረት 5 ሚሊ ሜትር፣ የሌላው 1 ሚሊ ሜትር ከሆነ ያው ነገር የተለያየ ይመስላል።

የላብራቶሪ ባለሙያ
ሁለታችሁም ስካንና ደም አቀላቀላችሁ። የደም ውጤት በአብዛኛው ወዲያው ቢላክ ችግር የለውም፤ ግን ከጎኑ የሚጻፈው መደበኛ መጠን የልጁን ዕድሜ የተከተለ ይሁን። ኤኤፍፒን ውሰዱ፦ የጉበትና የአንዳንድ የዘር ሴል ዕጢዎች መከታተያ ነው። አዲስ በተወለደ ሕፃን ደም ውስጥ በአሥር ሺዎች ናኖግራም በሚሊ ሊትር ይገኛል፤ ወደ አዋቂ መጠን የሚወርደው የመጀመሪያው ዓመት ማብቂያ አካባቢ ነው። የስድስት ወር ሕፃን ውጤት ከአዋቂ መጠን ጎን ተጽፎ በቀይ ቢላክ ወላጁን በከንቱ ማስደንገጥ ነው።

ኤልዲኤችም አለ፤ በሴሎች ውስጥ የሚገኝ፣ በአንዳንድ ዕጢዎች ክትትል የሚለካ ኢንዛይም ነው። መርፌው ቀጥኖ ወይም ደሙ በኃይል ተስቦ ቀይ የደም ሴሎች ቱቦው ውስጥ ከፈነዱ ኤልዲኤች ይጨምራል፤ ፖታሲየምም አብሮ ይጨምራል። "በናሙናው ውስጥ የደም ሴሎች ፈንድተዋል" የሚል ማስታወሻ ከቁጥሩ ጋር ካልተላከ ቁጥሩ ብቻውን ያታልላል። ሁለቱ አብረው ከፍ ካሉ በመጀመሪያ የሚጠየቀው "ደሙ እንዴት ተቀዳ?" ነው። መልሱም ድጋሚ መቅዳት ነው።

የልጅ አባት
ይቅርታ፣ ጥያቄ አለኝ። እዚህ ሁሉ ጭንቀት ውስጥ የሚከተን የስካኑ ብዛት አይደለም ወይ? ለምን አይቀነስም?

ፊልም አንባቢ
ወንድሜ፣ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የኩላሊት ዕጢ ስለሆነው ዊልምስ በ2018 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ምልክት ሳይሰጥ ያገረሸ አንድ ዕጢ ለማግኘት ኩላሊቱ ከወጣ በኋላ ባሉት ሁለት ዓመታት 112 ስካን ያህል ያስፈልጋል፤ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ ደግሞ 500 ያህል። መርሐ ግብሩ መጀመሪያ ጠበቅ፣ ኋላ ላላ የሚለው ለዚህ ነው። ሲቲ ጨረር አለው፣ አልትራሳውንድና ኤምአርአይ የላቸውም፤ "በዚያ ሊተካ ይችላል?" ብሎ መጠየቅ መብትዎ ነው። በፍርሃት ቀጠሮ መዝለል ግን ሌላ ነገር ነው፤ ለመቀነስ ውሳኔው ከሐኪሙ ጋር፣ በዕጢው ዓይነት ላይ ተመሥርቶ ይሁን።

አወያይ
ይህ ለብቻው ክርክር ይወጣዋል። አሁን ወደ ውጤቱ እንመለስ።

የክሊኒክ ነርስ
ከሁለቱም ወገን አይደለሁም። ውጤቱ ይላክ አይላክ ከማለታችን በፊት ቀጠሮው እንዴት እንደተያዘ እንይ፤ ጭንቀቱ በአብዛኛው የሚሠራው እዚያ ነው። ስካኑ ጠዋት፣ ሐኪሙ ዘንድ መግባቱ ከሰዓት በኋላ ወይም በማግሥቱ እንዲሆን ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማስያዝ ይቻላል። ስካኑ በሳምንቱ የመጨረሻ የሥራ ቀን ላይ ካረፈ ወላጁ ሁለት ቀን ያለ አንድ ሰው ይቀራል፤ ስለዚህ ያንን ቀን አይቀበሉ፣ "ሰኞ ወይም ማክሰኞ አድርጉልኝ" ይበሉ። ቀድሞ የተነሳበት ቦታ ሌላ ከሆነ የቀድሞው ምስል ያለበት ሲዲ ከሳምንት በፊት ይድረስ። ካልደረሰ ሪፖርቱ "ማነጻጸሪያ የለም" ብሎ ይወጣና ኋላ ይታረማል፤ በመካከሉ ያለው ቀን ሁሉ ባዶ ጭንቀት ነው።

ከምርመራው ክፍል ሳይወጡ ሦስት ነገር አስጽፈው ይያዙ፦ ውጤቱን የሚነግረኝ ማን ነው? በየትኛው ቀን፣ እስከ ስንት ሰዓት? ያ ሰዓት ካለፈ በየትኛው ቁጥር ልደውል? "ውጤቱ ሲደርስ እንደውላለን" መልስ አይደለም። "ሐሙስ እስከ ቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ጥሩም ሆነ መጥፎ፣ እኔው ራሴ እደውላለሁ" መልስ ነው። "ጥሩም ሆነ መጥፎ" የምትለዋን አጥብቃችሁ ያዙ። ጥሩው በስልክ፣ መጥፎው በአካል ከሆነ እህቴ ያለችው ይደርሳል፤ ስልክ አለመደወሉ ራሱ መርዶ ይሆናል።

ስለ ልጁም ልጨምር፤ የወላጅ ጭንቀት ግማሹ ልጁን ይዞ ከመታገል ነው። ማደንዘዣ ቅባቱ ከመርፌው ቢያንስ 60 ደቂቃ በፊት ተቀብቶ በፕላስተር ይሸፈን። ከመርፌው አሥር ደቂቃ በፊት ተቀብቶ "አልሠራም" የሚባለው ጊዜው ስላልበቃ ነው፤ ልጁም ከዚያ በኋላ ቅባቱን አያምንም። በሁለት ቦታ ይቀባ፤ የመጀመሪያው ሥር እምቢ ቢል ሁለተኛው ደንዝዞ ይጠብቃል። ሰመመን የሚሰጠው ከሆነ፣ ሰመመኑ ሊሰጥ ቀላል ምግብ 6 ሰዓት፣ የእናት ጡት 4 ሰዓት፣ ውሃ 2 ሰዓት ሲቀረው ይቆማል፤ የእናንተ ክፍል የሚሰጠው መመሪያ ከዚህ ከተለየ ያንን ተከተሉ። አንድ ብስኩት ሙሉ ቀጠሮውን ታሰርዛለች፤ ከዚያ ጭንቀቱ እንደ አዲስ ይጀምራል።

የወላጆች ተወካይ
ሲስተር፣ ያልሽው ሁሉ ልክ ነው። ግን የምትገልጪው በደንብ የሚሠራ ክሊኒክን ነው። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ሰው ሳይደውል ሲቀር ወላጁ ምን በእጁ አለ? ውጤቱ በስልኩ ካለ ቢያንስ ሌላ ሐኪም ዘንድ ይዞ ይሄዳል። ደግሞም ያልተነገረ ውጤት አቧራ ለብሶ የሚቀርበት ጊዜ አለ፤ ወላጁ ሲያየው ያ ይያዛል።

ፊልም አንባቢ
ይህን እቀበላለሁ። ተረስቶ የቀረ ሪፖርት ከደነገጠ ወላጅ የባሰ ጉዳት ያደርሳል። ስለዚህ "ይቆይ" ስል ገደብ ይኑረው ማለቴ ነው፦ 48 ሰዓት። ሐኪሙ በዚያ ውስጥ ካላነጋገረ ሪፖርቱ በራሱ ይለቀቅ። ሪፖርቱ አናት ላይም ለወላጅ የሚሆን ሁለት መስመር በግልጽ ቋንቋ ይጻፍ። "ካለፈው ጋር ሲነጻጸር ለውጥ የለም። አዲስ ነገር አልታየም።" ይህን መጻፍ ከእኔ አንድ ደቂቃ አይወስድም።

የሥነ ልቦና አማካሪ
ዶክተር፣ 48 ሰዓቱ ጥሩ ነው፤ ግን ለሁሉም አንድ ዓይነት መሆኑ ይከብደኛል። አንዳንዱ ወላጅ የሚጎዳው ባለማወቅ ነው፣ አንዳንዱ ብቻውን በማወቅ። ስልኩን በየአምስት ደቂቃው የሚያየው ወላጅ ባየ ቁጥር ለአፍታ ይቀለዋል፤ ያ ቅለት ግን እንደገና እንዲያይ ያስለምደዋል። ለዚህ ሰው ወዲያው መላክ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም፤ ማሳወቂያው ድምፅ ጠፍቶ፣ የሚከፈትበት ሰዓት አስቀድሞ ተወስኖ፣ ከጎኑ ሰው ኖሮ ይሁን። ማታ ከተኙበት፣ ልጁን ከሚወስዱበት መኪና ውስጥ፣ ሥራ ቦታ ላይ አይከፈት። ከመከፈቱ በፊት በነጭ ወረቀት ላይ "ያልገባኝ ቃል" የሚል ርዕስ ጽፎ መቀመጥ ይረዳል፤ የሚያስፈራው ቃል ወደ ጥያቄነት ይለወጣል፣ ጥያቄው ለሐኪሙ ይቀርባል።

ለመጠበቂያው ቀናት ደግሞ በቀን 20 ደቂቃ ለጭንቀቱ መመደብ ይሠራል። በተወሰነ ሰዓት፣ በተወሰነ ወንበር ላይ፣ የሚያስፈራውን ሁሉ መጻፍ። ከዚያ ውጭ ሐሳቡ ሲመጣ "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ" ብሎ ማቆየት። "አታስብ" የሚባለው ምክር የማይሠራው ሐሳብ በማባረር ስለማይሄድ ነው፤ ቀጠሮ ሲሰጠው ግን ብዙውን ጊዜ ይጠብቃል። ማተኮር ሲያቅት ትንፋሽን አራት ቆጥሮ ማስገባት፣ ስድስት ቆጥሮ ማስወጣት፣ ለአምስት ደቂቃ። የሚያረጋጋው ረጅሙ ማስወጣት ነው። እንቅልፍ ማጣቱ ውጤቱ ጥሩ ሆኖ ከተነገረ ከሁለት ሳምንት በኋላም ካልለቀቀ፣ ወይም ፍርሃቱ ቀጠሮ ማስቀረት ከጀመረ፣ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። ልጁ ራሱስ? የ15 ዓመት ልጅ ስልክ አለው። "ለወላጅ ይላክ" ስንል እሱ የአባቱን ፊት ያነባል። እናቱ ስልኩን ይዛ ወደ ጓዳ ስትገባ ያውቃል። በዚህ ዕድሜ ውጤቱን ማን ቀድሞ እንደሚያይ ከስካኑ በፊት ከእሱ ጋር ተነጋግሮ መወሰን አለበት፤ ትንሹ ልጅም ቢሆን ከአንድ ቀን በፊት "ነገ ፎቶ እንነሳለን፣ ሐኪሙ ደህና መሆንህን ያያል" መባል አለበት። የተደበቀበት ልጅ የሚገምተው ከእውነቱ የከፋ ነው።

የልጅ አባት
ልጁ "እኔ ቀድሜ ልየው" ቢልስ?

የሥነ ልቦና አማካሪ
"አብረን እንክፈተው" ይባል። ብቻውን እንዲያየው አጥብቆ ከፈለገ፣ በር ላይ ቆመው እንዳሉ ይወቅ። ቢከለከል ግን ራሱ ፈልጎ ያገኘዋል እንጂ ሳያየው አይቀርም።

የላብራቶሪ ባለሙያ
እንግዲህ ምርጫው ለቤተሰቡ ከሆነ፣ መቼ ነው የሚጠየቀው?

የክሊኒክ ነርስ
ስካኑ ሲያዝ እንጂ ሲያልቅ አይደለም። በቀጠሮ ወረቀቱ ላይ ሦስት ሣጥን ይኑር፦ ወዲያው ይላክልኝ፤ ሐኪሙ ሲደውልልኝ ይለቀቅ፤ በአካል ስመጣ ብቻ። ከሥሩ "ሐኪሙ በ48 ሰዓት ካላነጋገረኝ ይላክልኝ" የሚል አራተኛ መስመር፣ ለብቻው የሚፈረምበት። ደግሞ በየቀጠሮው እንደ አዲስ ይሞላ፤ በሦስተኛው ወር ወዲያው ማየት የፈለገ ሰው በዓመቱ ሊጠላው ይችላል፣ ልጁም በመካከሉ ያድጋል።

የወላጆች ተወካይ
አራተኛው መስመር ካለ እኔ እፈርማለሁ። ከሌለ ግን አሁንም "ወዲያው ይላክ" ላይ ነኝ።