ልጄ ሕግና ኮሜርስ አብራ መማር ትፈልጋለች፤ ሜልበርን ያላችሁ እርዱኝ

የሰንሻይን እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሜልበርን፣ ሰንሻይን ነው የምኖረው። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ናት፣ ቪሲኢ (የቪክቶሪያን የሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ) እየጨረሰች ነው። ሕግና ኮሜርስ አንድ ላይ የሚሰጥበትን የአምስት ዓመት ድርብ ዲግሪ ልሙላ ትለኛለች። እኔ አረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው፤ ስለ ዩኒቨርሲቲ እምብዛም አላውቅም። ሦስት ነገር አስጨንቆኛል።

አንደኛ፣ ዜግነት ገና አልወሰድንም። ከአራት ዓመት በፊት ከካርቱም በ202 ቪዛ ነው የገባነው። አንድ ዘመዳችን "ዜጋ ካልሆናችሁ ብድር አይሰጧትም፣ በዓመት 17,000 ዶላር ከኪሳችሁ ነው የምትከፍሉት" ካለኝ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ሁለተኛ፣ ሁለቱን ባንዴ ትችለዋለች ወይ? እንግሊዝኛዋ ጥሩ ነው፣ ግን እዚህ ትምህርት የጀመረችው 8ኛ ክፍል ላይ ነው። ሦስተኛ፣ ስትጨርስ ወዲያው ጠበቃ ትሆናለች ወይስ ሌላ ነገር ይቀራታል?

ሕግ ጨርሼ የምሠራ፦
እህቴ፣ በመጀመሪያ እንቅልፍሽን ልመልስልሽ። ዘመድሽ የነገረሽ ለአብዛኛው ቋሚ ነዋሪ እውነት ነው፤ እናንተን ግን አይመለከትም። በጋብቻ ወይም በሥራ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው መንግሥት የሚደጉመው ቦታ ያገኛል፣ የራሱን ድርሻ ግን በጥሬው ይከፍላል። 202 ቋሚ የሰብዓዊነት ቪዛ ስለሆነ፣ እዚሁ እየኖረች እስከተማረች ድረስ እንደ ዜጋ ሄክስ ሄልፕ የሚባለውን የመንግሥት የትምህርት ብድር ማግኘት ትችላለች። ስትመዘገብ የብድሩን ቅጽ ትሞላለች፤ ለዚህ ታክስ ፋይል ቁጥር ያስፈልጋታል። ከሌላት አሁኑኑ ታውጣ፣ ምዝገባ ሳምንት ላይ የሚያሯሩጠው እሱ ነው።

የገንዘቡ ነገር ቀላል አይደለም፣ አልደብቅሽም። ሕግም ኮሜርስም ከፍተኛው የክፍያ እርከን ውስጥ ናቸው። በ2025 የተማሪው ድርሻ ለሙሉ ዓመት 16,992 ዶላር ነበር፤ በዚያ ሒሳብ በአምስት ዓመት 85,000 ገደማ ይደርሳል። ወለድ የለውም፣ ግን በየዓመቱ ጁን 1 ቀን በኑሮ ውድነቱ ወይም በደመወዝ ዕድገቱ፣ ከሁለቱ ባነሰው ልክ ከፍ ይላል። መክፈል የምትጀምረው ገቢዋ ወለሉን ሲያልፍ ነው፤ ከጁላይ 2025 በጀመረው የግብር ዓመት ወለሉ 67,000 ዶላር ነበር። ከዚያ በታች ካገኘች ማንም አይጠይቃትም፤ አንቺ ደግሞ በምንም መልኩ ተጠያቂ አይደለሽም። ዕዳው በእሷ ስም ነው።

ስለ ጠበቃነቱ፦ ዲግሪው ብቻውን ጠበቃ አያደርጋትም። በዲግሪው ውስጥ ፕሪስትሊ 11 የሚባሉትን አስገዳጅ ትምህርቶች ማለፍ አለባት፤ ውል፣ ወንጀል፣ ንብረት፣ የኩባንያ ሕግ፣ ሕገ መንግሥት፣ ማስረጃ እያለ ይቀጥላል። ከዚያ የተግባር ሥልጠና አለ፤ ወይ ፒኤልቲ የሚባለውን ትማራለች፣ ወይ አንድ ቢሮ ውስጥ ለአንድ ዓመት ሠልጣኝ ትሆናለች። ያን ስትጨርስ በቪክቶሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቃለ መሐላ ፈጽማ ወደ ጥብቅና ሙያ ትገባለች። እኔ የማልኩ ቀን እናቴ በነጭ ቀሚስና ነጠላ ከፊት ተቀምጣ ነበር። ከመሐላው በኋላም ቢሆን መጀመሪያ ላይ ሁለት ዓመት ያህል የምትሠራው በሌላ ጠበቃ ቁጥጥር ሥር ሆና ነው።

ሒሳብ ሠራተኛው፦
እኔ ግን ኮሜርሱን ብቻ ትጀምር ባይ ነኝ። ብዙ ወላጅ "ሕጉ ባይሆንላት ሒሳቡ ይኖራታል" ብሎ ሁለቱን ያሸክማል። ለመጠባበቂያ ተብሎ የተያዘ የሕግ ትምህርት ሦስተኛው ዓመት ላይ ይከብዳል፤ ስንት ሰው ሲያቋርጥ አይቻለሁ። ሜልበርን ዩኒቨርሲቲ እኮ ከ2008 ወዲህ በመጀመሪያ ዲግሪ ሕግ አያስተምርም፤ ሦስት ዓመት ኮሜርስ ተምሮ ከዚያ ሦስት ዓመት ጄዲ (ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚወሰድ የሕግ ዲግሪ) ነው። በ21 ዓመቷ ብትወስን ይሻላል።

ሕግ ጨርሼ የምሠራ፦
ወንድሜ፣ ማቋረጡን ያልከው ልክ ነው፣ እኔም አይቻለሁ። ግን ጄዲ ላይ መንግሥት የሚደጉመው ቦታ ጥቂት ነው፣ ሌላው ሙሉ ክፍያ ነው። ልጅቷ ራሷ ሕግ እፈልጋለሁ ካለች፣ ሁለቱ የመጀመሪያ ዲግሪዎች ለየብቻ ሰባት ዓመት (ኮሜርስ ሦስት፣ ሕግ አራት) የሚፈጁትን በአምስት መጨረሱ ይሻላታል። ሕጉ ካልጣማት ደግሞ ኮሜርሱን ብቻ ይዛ መውጣት ትችላለች። ዋናው ጥያቄ ፍላጎቱ የማን ነው የሚለው ነው።

አራተኛ ዓመት ላይ ያለሁ፦
እትዬ፣ እኔ ሞናሽ ይህንኑ ድርብ ዲግሪ እየተማርኩ ነው። ትችለዋለች ወይ ላሉት፣ እኔም እዚህ የገባሁት 9ኛ ክፍል ነው።

የሚከብደው ንባቡ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የውል ሕግ ጽሑፌ ላይ አንዲት ሴትዮ ልብስ ቤት ለመክፈት ስትዋዋል የገጠማትን ታሪክ ሰጡን። እኔ ስለ ውል ያነበብኩትን ሁሉ ስድስት ገጽ ጻፍኩ። መምህሬ ከጎኑ በእርሳስ "ታዲያ ለዚህች ሴትዮ ምን ትመክሪያታለሽ?" ብላ ጽፋ መለሰችልኝ። ውጤቴ 54 ነበር። ያን ቀን ነው የገባኝ፦ ጥያቄው የቱ ጋ እንዳለ መለየት፣ ሕጉን መጥቀስ፣ ሕጉን በሴትዮዋ ጉዳይ ላይ ማዋል፣ መጨረስ። ከዚያ በኋላ እንግሊዝኛዬ እንቅፋት አልሆነብኝም፤ አጭርና ግልጽ መጻፍ ነው የሚፈለገው።

ሁለቱ አብረው ሲሄዱ ደግሞ ደስ ይላል። በ1896 እንግሊዝ ውስጥ የተፈረደ የሳሎሞን ጉዳይ የሚባል አለ፤ ጫማ ሠሪ ነው፣ ሱቁን ኩባንያ አድርጎ ኩባንያው ከሰረ። ፍርድ ቤቱ ኩባንያውና ሰውየው ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ የኩባንያው ዕዳ የእሱ አይደለም አለ። እኔ በጠዋት አካውንቲንግ ክፍል ስለ ባለ አክሲዮን ድርሻ ስማር ቆይቼ ከሰዓት ሕጉ ክፍል ይህን ሳነብ፣ የሒሳብ ሚዛኑ ላይ የባለ አክሲዮኑ ድርሻ ለምን ለብቻው እንደሚጻፍ ያኔ ታየኝ።

አንድ ነገር ግን አደራ። ሲፒኤ ወይም ሲኤ (የተመሰከረለት የሒሳብ ባለሙያ) መሆን የምታስብ ከሆነ አካውንቲንግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምራ ትያዝ። የሚፈለጉት ትምህርቶች የተወሰኑ ናቸው፣ ሕጉ ደግሞ ምርጫዎቹን ሁሉ ይበላባታል። ጓደኛዬ ፋይናንስ ይዛ ሦስተኛ ዓመት ላይ ልቀይር ስትል አንድ ዓመት ተጨመረባት።

የሰንሻይን እናት፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ፣ ሁላችሁንም። አልቅሻለሁ። ፍላጎቱ የማን ነው ላልከኝ፣ የራሷ ነው። እኔማ ነርስ ሁኚ ነበር የምላት። ግን አታሯ፣ ማለት የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ውጤቷ፣ ባይደርስስ?

ከፉትስክሬይ፦
እህቴ፣ ለዚህ ሲያስ የሚባለው ልዩ የመግቢያ ማመልከቻ አለ። በቪታክ (የቪክቶሪያ ዩኒቨርሲቲዎች ማመልከቻ ማዕከል) በኩል ነው የሚሞላው። እንግሊዝኛ ሁለተኛ ቋንቋ መሆኑ፣ የቤተሰብ ገቢ፣ የደረሰባችሁ ችግር ሁሉ ይታይላታል። የቅናሽ ካርድ ካላችሁ ቁጥሩን ታስገባ። ችግራችሁን የሚያውቅ ሰው፣ ለምሳሌ የትምህርት ቤቷ አማካሪ፣ ደብዳቤ ይጻፍላት። የሲያስ ቀን የሚዘጋው ውጤት ከመውጣቱ ከወራት በፊት ስለሆነ ታኅሣሥን አትጠብቁ። የእኔን ልጅ ያ ቀን ነው ያመለጣት፣ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስምንት ምርጫ መሙላት ይቻላል። አንደኛ ላይ የምትመኘውን ታድርግ፣ "ይሆንልኛል" የምትለውን አይደለም፤ የሚያዩት በተራ ነው፣ ትልቁን ቀድማ በመጻፏ የምታጣው ነገር የለም። ከታች ደግሞ ኮሜርስ ብቻውን ትጨምር። ብዙ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ውጤቷ ጥሩ ከሆነ ወደ ድርቡ ለመዛወር እንድታመለክት ይፈቅድላታል።

የሰንሻይን እናት፦
ትናንት ማታ ከሥራ ቀረሁና አብረን ተቀመጥን። አንደኛ ሕግና ኮሜርስ፣ ከታች ኮሜርስ ብቻውን፣ አካውንቲንግ እንደምትይዝም ነገረችኝ። ሲያሱን ግማሽ ሞላን። ደብዳቤውን ሰኞ ከአማካሪዋ ትቀበላለች፤ ታክስ ፋይል ቁጥሩን ደግሞ ማክሰኞ ከፈረቃ ስወጣ አብረን ሄደን እንጠይቃለን።