ለወንድሜ ኬታሚን ታዞለታል፤ የምታውቁ እርዱን

ጥያቄ (ከሲልቨር ስፕሪንግ)፦
ሰላም ለናንተ ይሁን። ታላቅ ወንድሜ በሰሃራና በሊቢያ አልፎ ነው እዚህ የደረሰው። እዚያ ያየው ነገር እስካሁን እንቅልፍ ይነሳዋል። ሦስት ዓይነት የድባቴ መድኃኒት በየተራ ቢወስድም ለውጥ የለም። አሁን ሐኪሙ ኬታሚን እንሞክር ብሎታል። እናታችን አዲስ አበባ ሆና «እሱ እኮ የኦፕሬሽን ማደንዘዣ ነው!» ብላ ደንግጣለች። የሚሠራው ኡበር ነው። በሕክምናው ቀን መንዳት ይችላል? ኢንሹራንስስ ይሸፍናል?

ነርስ፣ ከዳላስ፦
እናትሽ እውነታቸውን ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ1970 ጀምሮ በማደንዘዣነት የተፈቀደ መድኃኒት ነው። ለድባቴ ሲሰጥ ግን መጠኑ ዝቅተኛ ስለሆነ እንደ ኦፕሬሽኑ ሙሉ በሙሉ አያስተኛም።

መጀመሪያ በአፍንጫ የሚነፋው ወይስ በደም ሥር የሚሰጠው፣ የትኛው እንደታዘዘለት ጠይቁ። ስፕራቫቶ የሚባለው በአፍንጫ የሚነፋ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ መድኃኒት ሞክረው ላልተሻላቸው በ2019 ተፈቅዷል። ብዙ ኢንሹራንሶች ቅድመ ፈቃድ ጠይቀው ይሸፍኑታል። ስለዚህ የወሰዳቸውን መድኃኒቶች ስም፣ መጠንና ለስንት ጊዜ እንደወሰዳቸው ከፋርማሲው አስወጡ። በደም ሥር የሚሰጠው ለድባቴ በይፋ የተፈቀደ አይደለም። ሐኪሞች በራሳቸው ውሳኔ ያዙታል፤ ብዙ ጊዜ ከኪስ የሚከፈል ነው፣ ውድም ነው።

ስፕሬዩን ቤት ይዞ መሄድ የለም። ክሊኒክ ተቀምጦ ይወስዳል፤ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ይጠብቁታል፣ ደም ግፊቱንም ይለካሉ። በኢንተርኔት አዘን በፖስታ እንልካለን የሚሏችሁን አትስሙ። ማንም አጠገቡ ሳይሆን ግፊቱ ቢወጣ ማን ያየዋል?

መንዳት በፍጹም! እንቅልፉን በደንብ ተኝቶ በማግሥቱ ነው። የመጀመሪያው ወር በሳምንት ሁለቴ ስለሆነ ቀጠሮውን ከሰዓት አድርጉት። ጠዋት ሠርቶ ይመጣል፤ የሚወስደው ሰው ግን ያስፈልጋል።

ከሲያትል፦
እህቴ፣ እኔ ወስጃለሁ። መጀመሪያ ቀን ከሰውነቴ የወጣሁ መስሎኝ በጣም ፈራሁ። በኋላ ለቀቀኝ። እሱ ካሳለፈው አንጻር ይህ ስሜት እንዳያስደነግጠው አስቀድሞ በአማርኛ ይነገረው። አስተርጓሚ በነጻ ጠይቁ፤ እናንተ ራሳችሁ አታስተርጉሙለት። በእህቱ ፊት የማይናገረው ነገር ይኖራል። እኔን ረድቶኛል፤ ግን ሲቆም ድብርቱ ቀስ እያለ ተመለሰ። ክትትሉ ረጅም እንደሆነ እወቁ።

ነርስ፣ ከዳላስ፦
ልክ ነሽ። አንድ ልጨምር፤ ድባቴ ሳይኖር ለትሮማ (ካዩት ክፉ ነገር ለሚተርፍ የአእምሮ ቁስል) ብቻ ተብሎ የተፈቀደ አይደለም፣ የጥናቶቹም ውጤት የተለያየ ነው። የንግግር ሕክምናውን እንዳያቋርጥ። መኖር ሰለቸኝ ካለ ደግሞ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ ቀንም ሌሊትም ወደ 988፣ የአሜሪካው የራስ ማጥፋት መከላከያ መስመር፣ ደውሉ።

ጠያቂዋ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ጸበልም እየጠጣ ነው፤ ይጋጫል?

ነርስ፣ ከዳላስ፦
አይጋጭም። ስፕሬዩ እንዳያስመልሰው ብቻ ከመውሰዱ ሁለት ሰዓት በፊት ምግብ፣ ግማሽ ሰዓት በፊት ደግሞ ጸበሉንም ውሃውንም ያቁም። የሚውጣቸውን መድኃኒቶች ሐኪሙ ሳይል አያቋርጥ። ጫት የሚቅም ከሆነም ለሐኪሙ ይንገር፤ እሱም ግፊት ይጨምራል።