ጥቆማ፦ ሚኒባስን ለዓመት ሙሉ መኖሪያ የሚያሰናዳ ባለሙያ ደሴ ይሻላል ወይስ ኮምቦልቻ?

ስፌት ጠጋኙ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራዬ የልብስ ስፌት መኪና ጥገና ነው። ሰኞ ባቲ ገበያ እውላለሁ፤ በቀረው ሳምንት ኮምቦልቻ፣ ደሴና ሐይቅ እመላለሳለሁ፤ ሥራ ሲገኝ እስከ ወልድያ እዘልቃለሁ። በሳምንት ሁለት ሌሊት ለማድርበት ክፍል የሙሉ ወር ኪራይ እየከፈልኩ ስድስት ዓመት ኖርኩ። አሁን በቃኝ። ያገለገለ ሃይሩፍ ሚኒባስ ገዝቼ ቤቴ ላደርገው ወስኛለሁ፤ ለሽርሽር ሳይሆን ክረምት ከበጋ ልኖርበት። አልጋ፣ መደርደሪያ፣ የውሃና የማብሰያ ቦታ አድርጎ የሚሠራልኝ ሰው ደሴ ልፈልግ ወይስ ኮምቦልቻ? ሶላርና ባትሪስ ከየት ልግዛ? ሌሊትስ የት ባቆም ይሻላል? ብቻዬን ነኝ፤ ቁመቴ 1 ሜትር ከ78 ነው።

የሐረጎ ሹፌር፦
ወንድሜ፣ አናጺ ከመፈለግህ በፊት ፍሬንህን አስፈትሽ። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በዚያች አጭር መንገድ ግን ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ትወርዳለህ። ተሳፋሪ ፌርማታ ላይ ይወርዳል፤ ቤት አይወርድም፤ አልጋህ፣ ውሃህና የብረት ዕቃህ ሁልጊዜ አብረውህ ናቸው። ያንን የሐረጎ ቁልቁለት በከባድ ማርሽ ውረድ። ፍሬን እየረገጥክ ከወረድክ ሸራው ይግላል፤ ሲግል ደግሞ መያዝ ያቆማል። ሌላው፣ ሮቶ ጣሪያ ላይ እንዳትሰቅል። 100 ሊትር ውሃ 100 ኪሎ ነው፤ ከላይ ሆኖ ኩርባ ላይ ሲያወዛውዝህ ታውቀዋለህ። ውሃህ ወለል ላይ ይሁን።

ሙጋድ ሰፈር፦
ማንም ይሥራልህ፣ ጣሪያህን ግን አታስቀድድ። እለምንሃለሁ።

እኔም ከሁለት ዓመት በፊት እንዳንተ አስቤ ሚኒባሴን ለአንድ ጋራዥ ሰጠሁ። አየር እንዲገባልህ ብለው ጣሪያውን በአራት ማዕዘን ቀድደው የፕላስቲክ መስኮት ገጠሙበት። ዙሪያውን ሲሊኮን ቀቡትና አለቀ አሉኝ። ጊዜው ግንቦት ነበር። ሰኔ መጨረሻ ዝናቡ ሲጀምር ሌሊቱን ሙሉ ነቅቼ ጣሪያውን ስመለከት አደርኩ፤ አንዲት ጠብታ አላየሁም። ደስ ብሎኝ ተኛሁ። ውሃው ግን በላሜራውና በኮምፔንሳቶው መካከል እየወረደ ፍራሼ ሥር ይጠራቀም ነበር። ነሐሴ ላይ ፍራሹን ስገለብጠው ከሥሩ ጠቁሯል። ለብርድ መከላከያ ብለው ግድግዳው ውስጥ የሞሉት ስፖንጅ ውሃውን ጠጥቶ ይዞታል፤ ላሜራው ከውስጥ ዝጓል። ሦስት ጊዜ መልሼ ወሰድኩላቸው፤ ሦስቱንም ጊዜ በሲሊኮኑ ላይ ሌላ ሲሊኮን ጨመሩበት። ገንዘቡስ ይሁን። የአጎቴ ልጅ ሊያድር መጥቶ «ቤትህ ይሸታል» ያለኝ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

የኬላ ልጅ፦
የትኛው ጋራዥ ነው? ንገረን እንጂ፣ ሌላው ሰው ይጠንቀቅ።

ሙጋድ ሰፈር፦
ስም አልጠራም። የሠራው ልጅ የሁለት ልጆች አባት ነው። እንጀራውን አልዘጋም።

የኬላ ልጅ፦
ደሴ ነው ወይስ ኮምቦልቻ፣ እሱን ብቻ።

ሙጋድ ሰፈር፦
አልኩህ እኮ፣ አልናገርም።

ባለ ሦስት እግር፦
ፍሳሽ ከተነሳ አይቀር፣ የእኔ ባጃጅ ሸራም በስፌቱ በኩል ያስገባል። በዝናብ ተሳፋሪ አይቀመጥልኝም። ጥሩ ሸራ ሰፊ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።

ስፌት ጠጋኙ፦
ወንድሜ፣ ሸራህ ላይሆን ይችላል ጥፋቱ። ቀጭን መርፌና የጥጥ ክር ተጠቅመው ከሆነ ክሩ ይበሰብስና ቀዳዳው ክፍት ይቀራል። ወፍራም የናይለን ክር የሚሰፋ የቆዳ መኪና ያለው ሰው ፈልግ፤ ስፌቱም ሁለት መስመር ይሁን። ባቲ ገበያ ብትመጣ ሰፊዎቹን አስተዋውቅሃለሁ።

የቦርከና ልጅ፦
ጥያቄው ደሴ ወይስ ኮምቦልቻ ነበር፤ መልሱ ኮምቦልቻ ነው። አንድ በያጅ አለ፣ የእጁን ሥራ ያየ ሌላ ቦታ አይሄድም። የአይሱዙዬን የጭነት ሳጥን እሱ ነው የሠራው፤ ዘጠኝ ዓመት እህል ጭኖ አንድ ብየዳ አልተፈታም። ሙጋድ ሰፈር ያለው ወንድማችንም እሱ ጋ ሄዶ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ባልደረሰበት ነበር።

የወልድያው አስተማሪ፦
ይህ ባለሙያ እስከ አሁን ስንት ሚኒባስ መኖሪያ አድርጎ ሠርቷል?

የቦርከና ልጅ፦
አንድም። ብረት ግን ብረት ነው። ሰውየው ቃሉን የሚያከብር ነው።

የወልድያው አስተማሪ፦
ቃል አክባሪነቱን አልጠራጠርም። የእህል ጭነት ሳጥን ግን እንቅልፍ አይተኛም፣ አይተነፍስም፣ ሽሮ አያበስልም። በተዘጋ ላሜራ ውስጥ አንድ ሰው ሲተኛ ትንፋሹ ብቻውን ብረቱን ከውስጥ ያረጥበዋል። ጠያቂያችን ይህን የሚያውቅ ባለሙያ ያስፈልገዋል። ወረቀቱን ደግሞ እስከ አሁን ማንም አላነሳውም። ሊብሬህ ላይ የሕዝብ ማመላለሻ ነው፣ ይህን ያህል ወንበር አለው ተብሎ ከተጻፈ፣ ወንበሩን ነቅለህ አልጋ ስታስገባ መኪናውና ሊብሬው አይመሳሰሉም። ለዓመታዊ ምርመራ ስትቀርብ ቦሎ የምትጠየቅበት መኪና ሌላ ሆኖ ይገኛል። የመድን ነገርም አለ፤ በኋላ ከመከራከር ሥራው ሳይጀመር ሄደህ ጠይቅና ለውጡን በጽሑፍ አስፈቅድ።

ከጀርመን የተመለሰ፦
እኔ ጀርመን አገር 11 ዓመት ኖሬያለሁ። እዚያ ይህ ነገር አዲስ አይደለም፤ ለቮልስዋገን ሚኒባስ የሚሆን አልጋና ቁም ሣጥን ዌስትፋሊያ የሚባለው ፋብሪካ ከ1951 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሠርቷል። ጡረታ ወጥተው ቤታቸውን ሸጠው በመኪና የሚኖሩ ባልና ሚስት ጎረቤቶቼ ነበሩ። ነገር ግን ልብ በሉ፤ እነሱ የሚያቆሙበት ቦታ የመብራት መሰኪያ፣ የውሃ ቧንቧና የመጸዳጃ ቆሻሻ መድፊያ አለው። እኛ ዘንድ መኪናው ቢሠራም ቦታው አልተሠራም። ስለዚህ ከሦስቱ ጥያቄዎችህ ትልቁ ሦስተኛው ነው እላለሁ።

ሶላር ገጣሚው፦
ሁለተኛውን ጥያቄ ልመልስ፤ ሥራዬ ነውና።

ከየት ልግዛ ከማለትህ በፊት ምን ያህል እንደምትጠቀም ቁጠር። መብራት፣ ስልክ፣ ትንሽ ማራገቢያና ባለ 12 ቮልት ማቀዝቀዣ ቢኖርህ በቀን ከ500 እስከ 600 ዋት ሰዓት ይበቃሃል። ባለ 200 ዋት ፓነል በጥሩ ፀሐይ በአምስት ሰዓት ወደ 1000 ዋት ሰዓት ይሰጥሃል፤ በሐምሌ ጉምና ዝናብ ግን ግማሹንም ላታገኝ ትችላለህ። ወሎ ደግሞ ክረምት ብቻ ሳይሆን በልግም አለው። ስለዚህ ለበጋ የሚበቃ ገዝተህ ለክረምት አትጸልይ።

ባለ 100 አምፒር ሰዓት የአሲድ ባትሪ በወረቀት 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ዕድሜ እንዲኖረው ግን ከግማሽ በታች አታውርደው፤ ስለዚህ በእጅህ ያለው 600 ነው። የመኪና ማስነሻ ባትሪ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ በወራት ውስጥ ይሞታል። የቤቱ ባትሪ ለብቻው ይሁን፤ የመኪናው ባትሪ እንዳይጠባ ማለያያ ይግባበት። የአሲዱ ባትሪ ሲሞላ ጋዝ ስለሚያወጣ አልጋህ ሥር ዘግተህ አታስቀምጠው።

የጦሳ ልጅ፦
ከዚህ ላይ አንድ ልጨምር። ባትሪ ስትገዛ ሚዛን ይዘህ ሂድ። ባለ 100 የተባለ የአሲድ ባትሪ 25 ኪሎና ከዚያ በላይ መመዘን አለበት፤ ውስጡ እርሳስ ነውና። እኔ ከአንድ ሱቅ ገዝቼ ቤት ስመዝነው 17 ኪሎ ሆነ። መብራቴ ከምሽቱ አራት ሰዓት አልፎ አያውቅም።

ዓይናፋሯ፦
የትኛው ሱቅ እንደሆነ የገባኝ ይመስለኛል፤ እኔም የምገዛው እዚያው ነው። ባለቤቱ መልካም ሰው ነው። አባቴ ያረፈ ጊዜ ድንኳን የተከለልን፣ ሦስት ቀን ሱቁን ዘግቶ የቆመው እሱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አያታልልም። ምናልባት ሚዛንህ ተበላሽቶ ይሆናል።

የጦሳ ልጅ፦
እኅቴ፣ ሦስት ሚዛን ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ አንዱ የወፍጮ ቤት ነው። የሰውየውን ደግነት አልነካሁም፤ እሱም ሳያውቅ የተሸጠለት ሊሆን ይችላል።

ዓይናፋሯ፦
ቢሆንም እኔ ከእሱ ውጭ አልገዛም።

ታዛቢ፦
ይቅርታ አድርጉልኝ፤ ሁላችሁም ስለ ሲሊኮንና ስለ ባትሪ ኪሎ ትከራከራላችሁ፤ ዋናውን ማንም አልደፈረም። መኪና ቤት አይደለም። ጎረቤት የሌለው፣ እድር የማይገባ፣ ቢታመም በሩን የሚያንኳኳለት የሌለው ሰው ምን ዓይነት ኑሮ ኖረ ይባላል? የኪራይ ገንዘብ ለማዳን ብለህ ከሰው ትወጣለህ። እኔ በወንድምነት ተው እልሃለሁ።

የአራዳዋ እናት፦
ልጄ ታዛቢ፣ ቃልህ ይከብዳል፤ ነገር ግን እውነት አለው፤ ስለዚህ እኔ መላውን ልናገር። ልጄ ስፌት ጠጋኙ፣ ስማኝ።

አንደኛ፣ ከሰል መኪናው ውስጥ አይግባ። ደሴ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል፤ ቡናህን አፍልተህ ፍሙን ለሙቀት ልታስገባው ያምርሃል። ጭሱ ካለቀ በኋላ ፍሙ ደህና ይመስላል፤ የሚገድለው ግን የማይታየውና የማይሸተው ነው። ሰው ተኝቶ ይቀራል። ብርድ ከሆነ ባና ደርብ፣ ጋቢ ደርብ፤ መስኮቱን ከፊትና ከኋላ አንድ አንድ ጣት ክፍት አድርገህ ተኛ። በጋዝ ስታበስልም በሩ ክፍት ይሁን።

ቡናውን ውጭ አፍላ። የመጣሁት ለዚህ ነው። ማታ የምታቆምበት ግቢ ስትደርስ በርህን ዘግተህ አትተኛ፤ ረከቦትህን ዘርጋ፣ ዘበኛውን ጥራ፣ የግቢውን ሴቶች ጥራ። አቦሉን ጠጥተው እስከ በረካ የተቀመጡ ሰዎች ሌሊት መኪናህን ያለ ደመወዝ ይጠብቁልሃል። ሐይቅም ደሴም ባቲም እንዲህ አድርግ። ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ቁም፤ ዛሬ እዚህ ነገ እዚያ የሚል ሰው አይታወቅም። እድሩን ደግሞ አሁን ያለህበት ሰፈር አትልቀቅ፤ ወርሃዊህን ክፈል፣ ለቅሶ ድረስ። ቤትህ ጎማ ስላለው ከእድር አይሰርዙህም።

ታዛቢ፦
እናቴ፣ እጅ ነሥቻለሁ። እድሩን ካልለቀቀ እኔም ቃሌን አነሳለሁ።

የጦሳ ልጅ፦
እማማ እንዳሉት፣ እኔ ስድስት ወር በመኪና ስኖር የጠቀመኝ ግቢ ያለው ሆቴል ነው። አነስ ያለ ገንዘብ ለማደሪያ፣ ለመጸዳጃና ለመታጠቢያ ይቀበላሉ። ለሌሊት ችግር ክዳን ያለው ባልዲና ከአናጺ ቤት የተወሰደ ሰጋቱራ ይበቃል፤ ሽታውን ይይዘዋል።

ቁመትህን ስለጠቀስክ፣ 1.78 ሆነህ በሃይሩፍ ውስጥ ቀጥ ብለህ አትቆምም። ሜትር ይዘህ ሂድና ወለሉ ላይ የሚነጠፈውን ኮምፔንሳቶ ውፍረትም ቀንስ። አልጋውን በርዝመት አሠራ፤ በወርዱ ከተሠራ እግርህ ይታጠፋል። ለባለሙያው ሒሳብ ከመክፈልህ በፊት ደግሞ መኪናውን ላቫጆ ውሰድና ግማሽ ሰዓት ውሃ አስለቅቅበት፤ የውስጡ ኮምፔንሳቶ ገና ሳይመታ፣ ላሜራው እየታየ። የሙጋዱ ወንድማችን ጉዳት ያኔ ይታይ ነበር።

ሙጋድ ሰፈር፦
ይህን ከሁለት ዓመት በፊት የሚነግረኝ አጥቼ ነው።

የቦርከና ልጅ፦
የኮምቦልቻው በያጅ ውሃ ሳያፈስበት መኪና አያስረክብም። ዛሬ ሄጄ ጠየቅኩት፤ የሚኒባስም እሠራለሁ ብሏል።

የሐረጎ ሹፌር፦
ጋዝንም አስቡበት። ደሴ ከፍታው ወደ 2500 ሜትር ስለሆነ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ባቄላና ምስር ቆላ ከምታበስለው ይልቅ ይዘገይብሃል። በእንፋሎት የሚሠራ ድስት ያዝ። ሲሊንደሩንም በቀበቶ እሰረው፤ ሐረጎ ላይ የተንከባለለ ሲሊንደር ድምፁን ሰምቼ አውቃለሁ።

ስፌት ጠጋኙ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አላህ ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። እማማ፣ ረከቦት ገዝቻለሁ። መኪናውን ከትናንት በስቲያ ተረክቤ ትናንት ሌሊት ሐይቅ አደርኩበት፤ ዘበኛው በረካውን ጠጥቶ ሄደ።

አሁን ሌላ ጥያቄ አለኝ። እናቴ ቤቴን ልታይ ከወረኢሉ ልትመጣ ነው። ጉልበቷን ያማታል፣ የሚኒባሱ መግቢያ ደግሞ ለእሷ ከፍ ይላል። ተጣጥፎ ከወለሉ ሥር የሚገባ የብረት ደረጃ፣ መያዣም ያለው፣ ማን ይሠራልኛል? ከበዓሉ በፊት ቢደርስልኝ ደስ ይለኛል።

የቦርከና ልጅ፦
ኮምቦልቻ ና አልኩህ እኮ። ለእናት ከሆነ ገንዘብም አይጠይቅህም።

የአራዳዋ እናት፦
ደረጃው ሁለት እርከን ይሁን፤ አንዱ ብቻ ለታመመ ጉልበት አይበቃም። ላዩ ላይ ሸካራ ጎማ አስለጥፍበት፤ ዝናብ ሲነካው ብረት ያንሸራትታል። እናትህ ስትመጣ ደሴ አምጣልኝ፤ ቡና አብረን እንጠጣለን።

ሙጋድ ሰፈር፦
ወንድሜ፣ እንኳን ደስ አለህ። የት አሠራህ ብዬ አልጠይቅህም፤ ግን ጣሪያውን አስቀደድክ ወይስ አላስቀደድክም?