ኳሷ ለምን ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች?

የካዛንቺሱ ጀማሪ፦ በ52 ዓመቴ ጎልፍ ጀመርኩ። በየማለዳው ካዛንቺስ ባለው ግቢያችን፣ ከልብስ ማስጫው ገመድ ሥር፣ ሰባት ቁጥር ዱላዬን እወዘውዛለሁ፤ ዘበኛችን «ጋሼ፣ እባብ ገባ እንዴ?» ብሎኛል። ሜዳ ላይ ግን ኳሷ ቀጥ ብላ ተነሥታ እንደ ማጭድ ወደ ቀኝ ትታጠፋለች። ለማካካስ ወደ ግራ ዞሬ ብቆም ባሰባት! ቀኝ እጅ ነኝ። ጥፋቱ የክንዴ ነው ወይስ የአቋቋሜ?

አሮጌ ዱላ፦ ያ ማካካሻዎ ነው የጎዳዎት። ትከሻ ወደ ግራ ሲዞር ዱላው ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ማለትም ወደ እርስዎ፣ እየቆረጠ ይመጣል፤ ኳሷን የሚመታው የዱላው ፊት ከዚያ አቅጣጫ አንጻር ወደ ቀኝ ከተከፈተ ኳሷ ወደ ቀኝ ትጠመዘዛለች። የመጥረጊያ እንጨት ከጣቶችዎ ፊት መሬት ላይ ያጋድሙ፤ እግር፣ ዳሌና ትከሻ ከእርሱ ጋር ትይዩ ይሁኑ። ዱላውን ይዘው ቁልቁል ሲያዩም የግራ እጅዎ ሁለት ወይም ሦስት አንጓዎች ይታዩ። አንድ ብቻ ከሆነ እጅዎን ጥቂት ወደ ቀኝ ያዙሩት።

የፒያሳ ልጅ፦ ጋሼ፣ ኳሷን በሰባት ቁጥር ከእግሮችዎ መሐል ጥቂት ወደ ግራ ያድርጓት። ደግሞ ያመስግኑ፦ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሩ ስስ ስለሆነ ጥምዘዛው ይቀንሳል። በባሕር ጠረፏ ሞምባሳ ቢጫወቱ ጉድ ነበር!

የካዛንቺሱ ጀማሪ፦ አንጓው አንድ ብቻ ነበር። መጥረጊያውን ግን ሠራተኛችን እየፈለገችው ነው።