ፎንቴስ ወይስ ፎንተሽ፦ እስከ ዓርብ መግባት ያለበት የመጽሐፍ ዕቅድ

ጸሐፊው፣ ሰኞ ጠዋት
ማኅበራችን ለመጽሐፍ ኅትመት ገንዘብ የሚጠይቅበት ዕቅድ ረቂቁ ይኸው። ማስገቢያው ዓርብ በ11 ሰዓት ይዘጋል፤ አምና የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አልደግመውም። መጽሐፉ 64 ገጽ ነው፤ ርዕሱ «ፎንቴስ ፔሬይራ ዴ ሜሎ፦ በዕዳ የተሠራች ፖርቱጋል»። ሰውየው በ19ኛው መቶ ዘመን ፖርቱጋልን የመራ ፖለቲከኛ ነው። አንደኛው ምዕራፍ ከ1819 ልደቱ ተነሥቶ፣ በ1848 የኬፕ ቨርዴ ተመራጭ ሆኖ ፓርላማ መግባቱን ይዞ፣ የጦር መሪው ሳልዳንሃ በ1851 በጦር ኃይል መንግሥት እስከያዙበት ይሄዳል። ሁለተኛው በ1852 ተቋቁሞ ለእሱ ስለተሰጠው የሕዝብ ሥራዎች ሚኒስቴር ነው። ሦስተኛው የ1868ቱ ውድቀት። አራተኛው በ1871 እና በ1886 መካከል ሦስት ጊዜ መንግሥት የመራባቸው ዓመታት። የምንጠይቀው 180 ሺህ ብር ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው፤ ይህን እንደገና እንዳታነሡብኝ። ማን ምን እንደሚጽፍ እስከ ነገ ማታ አሳውቁኝ።

ገንዘብ ያዢዋ፣ ሰኞ
180 ሺህ የሚለው ከየት መጣ? ወረቀቱ ብቻ ሲሶውን ይበላል። የቀለም ካርታ ካላችሁ ደግሞ እኔ አልፈርምም። የእኛ አንባቢ ፖርቱጋል ሲባል የሚያስታውሰው ክርስቶፎር ዳ ጋማንና 400 ጠመንጃ ያዦቹን ነው፤ ከዚያ ወዲህ በ300 ዓመት ምን እንደሆኑ የሚጠይቅ አላየሁም። ቅጹ ላይ «ለማን ይጠቅማል?» የሚል ቦታ አለ፣ ባዶ ነው። ሙሉት።

መሐንዲሱ፣ ሰኞ ምሽት
ሁለተኛው ምዕራፍ የእኔ ነው፤ ካርታውንም በጥቁርና በነጭ እሠራዋለሁ። አንድ ነገር ደርሼበታለሁ። የመጀመሪያው ባቡር ከሊዝበን እስከ ካሬጋዶ 36 ኪሎ ሜትር የሄደው ኦክቶበር 28 ቀን 1856 ነው። ንጉሥ ፔድሮ 5ኛ ተሳፍረዋል፣ ሕዝቡ በየመንገዱ ቆሟል። ሲመለስ ግን ባቡሩ ጉልበት ከዳውና ፉርጎዎቹን በየቦታው እየጣለ ገባ፤ የክብር እንግዶቹ ሜዳ ላይ ቀሩ። ፎንቴስ ያን ቀን ሚኒስትር አልነበረም፤ መንግሥታቸው በጁን ወድቆ ነበር። ፖርቶ ላይ የማሪያ ፒያ ድልድይ በኖቬምበር 1877 ሲመረቅም ከሥልጣን ውጪ ነው። የዶም ሉዊስ ድልድይ በኦክቶበር 1886 ሲመረቅም እንደዚያው። ድግሱን ደግሶ ግብሩ ላይ ያልተገኘ ሰው! ምዕራፉን በዚህ እከፍተዋለሁ። ረቡዕ ማታ ይደርሳችኋል።

የሊዝበኑ አባል፣ ማክሰኞ
ፎንቴስ የሚባል ሰው አላውቅም። ስሙ ፎንተሽ ነው። ሳልዳንሃ የሚባልም የለም፤ ሳልዳኛ ነው። በፎንተሽ ስም የተሰየመው ጎዳና ከፖምባል አደባባይ ተነሥቶ ሳልዳኛ አደባባይ ይደርሳል፤ በየቀኑ ወደ ሥራ የምሄደው በእሱ ነው፣ አንድም ሰው ፎንቴስ ሲል አልሰማሁም። ይህ ሳይታረም ስሜ በዕቅዱ ላይ እንዳይገባ።

ተርጓሚዋ፣ ማክሰኞ
ረቂቁ ትናንት ደርሶሃል። ያኔ አንደበትህ ታስሮ ነበር? «ፎንቴስ» በእኔ የስሞች ዝርዝር ውስጥ ከገባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ በጉባኤ እጅ አውጥታችሁ አጽድቃችሁታል። በአንተ መንገድ ከሄድን ሊዝበንም «ሊሽቦዋ» ልትባል ነው፣ ቫስኮ ዳ ጋማም «ቫሽኩ»። ክርስቶፎርንስ ምን ልናደርገው ነው?

የሊዝበኑ አባል
የተለመደውን ስም ማን ነካ? ሊዝበን ሊዝበን ትሁን። ይህን ሰው ግን አማርኛ ገና አልለመደውም፤ ከመጀመሪያው በትክክል እናስገባው ነው ያልሁት። ግዕዝ ያልነበሩትን ሸን እና ኘን አማርኛ የጨመረው ለጌጥ አይደለም። የሳልዳኛን ኛ ለመጻፍ ፖርቱጋሎች ራሳቸው ሦስት ፊደል ይፈጃሉ፤ እኛ በአንዲት ኛ እንጨርሳለን። ያለንን ፊደል ትተን በእንግሊዝ አፍ ማንበብ ምን ይባላል?

መምህሩ
ስሙን ተዉትና ዕዳውን አንሡ። ዲሴምበር 1852 ላይ ሰውየው ገና 33 ዓመቱ ነው። የገንዘብ ሚኒስትር ነው፤ ከኦገስት መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ የሥራዎች ሚኒስቴሩም በእጁ ነው። የሚበደረውም እሱ፣ የሚያወጣውም እሱ ማለት ነው። በዚያ አንድ ወር ውስጥ አገሪቱ በሜትርና በኪሎ እንድትለካ ታወጀ፤ የመንግሥት ዕዳም ተጠቅልሎ ወለዱ ወደ 3 በመቶ ወረደ፣ አበዳሪው ወደደም ጠላም። ለንደን ያሉት ጮኹ፤ የለንደን የሰነድ ገበያ ለፖርቱጋል ወረቀት በሩን ዘጋ። ያንኑ በር በ1855 ራሱ ሄዶ አንኳኳ፤ ሐዲዱ ያለ ብድር አይዘረጋምና። ርዕሳችሁ «በዕዳ የተሠራች» ይላል፣ በረቂቁ ውስጥ ግን ዕዳ የሚለው ቃል ያለው አራት ቦታ ነው። ቆጥሬዋለሁ።

አዲሱ አባል
አንድ ጥያቄ ነበረኝ። በረቂቁ ውስጥ «ጠቅላይ ሚኒስትር» ብለናል፤ የዘመኑ መጠሪያ ግን የሚኒስትሮች ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ነው። ይስተካከል?

ተርጓሚዋ
ጋሼ፣ ዕዳው ይግባ፤ ማን ከለከለ? እኔ የምጠይቀው ጉባኤ ያጸደቀውን አንድ ሰው ከሊዝበን ተነሥቶ ይሽረዋል ወይ ነው። «ፎንተሽ» ብሎ የሚወጣ መጽሐፍ ላይ የእኔ ስም አይታተምም።

የሊዝበኑ አባል
አዲስ አበባ ተቀምጦ የሊዝበንን አፍ ማረም ድፍረት ነው።

ተርጓሚዋ
ሦስት ዓመት የቤት ኪራይ መክፈል ቋንቋ አያስወርስም።

ጸሐፊው፣ ማክሰኞ ምሽት
ሁለታችሁም እስከ ነገ ምንም አትጻፉ። የአምናው ዕቅድ የሞተው እንዲሁ ነው። አዲሱ አባል፣ ጥያቄህን አይቼዋለሁ፤ ቆየኝ።

መምህሩ፣ ረቡዕ
ሽፋን አግኝቻለሁ። ጁን 12 ቀን 1875፣ የቅዱስ አንቶኒዮ በዓል ዋዜማ ነው። በዚያ ሰሞን የሊዝበን ልጆች «ለቅዱስ አንቶኒዮ ሳንቲም» እያሉ መንገደኛውን ይለምናሉ። ሠዓሊው ራፋኤል ቦርዳሎ ፒኔይሮ ይህን ልማድ አንሥቶ ጋዜጣ ላይ ሣለው። ከፍ ብሎ የተቀመጠው ቅዱስ ፎንቴስ ነው፤ የታቀፈው ሕፃን ንጉሥ ሉዊስ ናቸው፤ ሳንቲሙን የሚሰበስበው የገንዘብ ሚኒስትሩ ሰርፓ ፒሜንቴል ነው። ከፊታቸው አንድ ባላገር ግራ ገብቶት ራሱን ያካል። ዜ ፖቪኞ ይባላል፤ ፖርቱጋሎች እስከ ዛሬ ሕዝቡን ሲሥሉ የሚሥሉት እሱን ነው። ለቀልዱ ስሙም ተመቸ፤ ፎንቴስ የክርስትና ስሙ አንቶኒዮ ማሪያ ነው። ይኸው ሠዓሊ በ1879 ሳምንታዊ ጋዜጣ ሲያወጣ «አንቶኒዮ ማሪያ» ብሎ ሰየመው። መንግሥት የሚመራ ሰው በስሙ የሚሳለቅበት ጋዜጣ በየሳምንቱ ሲሸጥ እያየ መኖሩ ራሱ አንድ ምዕራፍ አይወጣውም?

ተርጓሚዋ
ጋሼ፣ ይህስ ግሩም ነው። «ፖቪኞ» ብለው በኞ መጻፍዎን ግን ልብ ብያለሁ።

መምህሩ
ጆሮዬ እንደዚያ ሰማዋ።

የሊዝበኑ አባል
ሠዓሊውም ፒኔይሮ አይደለም፤ ፒኜይሮ ነው።

ተርጓሚዋ
ኘን አልጠላሁም። ሳልዳኛም ፒኜይሮም ይሁኑ፣ ዝርዝሬን አርማለሁ። ሽ ግን አትገባም። የትናንቱ የኪራይ ነገር ከአፌ ያመለጠ ነው፤ ተወው።

የሊዝበኑ አባል
ትቼዋለሁ። ሽ ግን ትገባለች።

ገንዘብ ያዢዋ
ሥዕሉ 150 ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ ለመብት የሚከፈል የለም፣ ለቀለም ግን አለ። ይልቅ ዛሬ ረቡዕ ነው። የመሐንዲሱ ምዕራፍ የታለ?

ጸሐፊው፣ ሐሙስ ጠዋት
የመሐንዲሱ ስልክ ዝግ ነው። ምዕራፉም የለም፣ ካርታውም የለም። የማኅበሩ ማኅተም ደግሞ እሱ ጋር ነው። «ለማን ይጠቅማል» የሚለውም እስካሁን ባዶ ነው።

ገንዘብ ያዢዋ፣ ሐሙስ
እንግዲህ የማስበውን ልናገር። ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከራችሁት በስም ነው። የስም አጻጻፍ ችግር ጋዜጠኛ አለበት፣ ተርጓሚ አለበት፣ አስተማሪም አለበት፤ ባዶው ቦታ ሞላ ማለት ነው። የተርጓሚዋ ዝርዝር 40 ገጽ ተተይቦ ተቀምጧል፣ የሚያስወጣን ገንዘብ የለም። እሱን እናስቀድም፣ ሰውየው በምሳሌነት ይግባ። ወጪው ወደ 140 ሺህ ይወርዳል።

መምህሩ
በምሳሌነት? በ1868 አዲስ ዓመት ቀን ፖርቶና ሊዝበን ላይ አደባባይ የወጣው ሕዝብ በስም አጻጻፍ አልነበረም የተቆጣው። የገንዘብ ሚኒስትሩ ፎንቴስ በሚበላውና በሚጠጣው ላይ ቀረጥ ጥሎበት ነው። በአራተኛው ቀን መንግሥቱ ወደቀ። ያ የተባረረ ሰው በ1871 መንግሥት መሪ ሆኖ ተመልሶ ከአምስት ዓመት በላይ ተቀመጠ። ይህን ነው አባሪ ልታደርጉት የተነሣችሁት።

አዲሱ አባል
ጋሼ፣ እንዴት ተመለሰ?

መምህሩ
ተባረክ፣ የጠየቀ ተገኘ። በመካከሉ መንግሥት በየጥቂት ወሩ ተቀያየረ። በ1870 ሳልዳኛ በ79 ዓመታቸው እንደገና ወታደር አሰልፈው ቤተ መንግሥት ሄዱና ሥልጣን ያዙ። ሕዝቡ ሰለቸው፤ ቀረጥ የጣለበትን ሰው እስከ መናፈቅ ደረሰ። በ1876 ደግሞ ተቃዋሚዎቹ ግራንጃ በተባለ ቦታ ተስማምተው አንድ ፓርቲ ሆኑ፤ ከዚያ ወዲያ ሥልጣን በእነሱና በፎንቴስ ፓርቲ መካከል እንደ ዕቁብ በተራ ዞረ። ፎንቴስ በ1887 ሞተ። ከአምስት ዓመት በኋላ ፖርቱጋል ለውጭ አበዳሪዎች ወለዱን በሙሉ መክፈል አቃታት። ሐዲዱ ግን እዚያው ነው። አመሰገንነው ወይስ ከሰስነው? እኔ ራሴ አልወሰንሁም፤ ለዚህ ነበር 64ቱን ገጽ የፈለግሁት።

ጸሐፊው፣ ዓርብ 10 ሰዓት ከ40
ገብቷል። ርዕሱ «የውጭ ስሞች አጻጻፍ መመሪያ፦ ፖርቱጋል እንደ ምሳሌ»። የጠየቅነው 140 ሺህ ነው። ፎንቴስ ስድስት ገጽ አባሪ አለው፤ ከስሙ አጠገብ «በአገሩ አነባበብ ፎንተሽ» የሚል ገብቷል። ማኅተም ስላልተገኘ በፊርማ ነው የላክነው። ጋሼ፣ ስድስቱን ገጽ እርስዎ ይጻፉልን።

የሊዝበኑ አባል
«አጠገብ» አልነበረም ስምምነቱ።

ተርጓሚዋ
ስምምነት ነበር እንዴ?

መምህሩ
ሦስት መንግሥት በስድስት ገጽ አልጨርስም። ማንበብና መጻፍ የሚችሉ ወይም የቤተሰብ ኃላፊ የሆኑ ወንዶች ድምፅ እንዲሰጡ የፈቀደውን የ1878ቱን የምርጫ ሕግ ልተው ወይስ ድልድዮቹን?

ጸሐፊው
ድልድዮቹን ይተዉ።

መሐንዲሱ፣ ዓርብ ማታ
ድልድዮቹ የእኔ ነበሩ እኮ። ማን ሰረዛቸው?