እድራችን ለስነ ልቦና ምክር ይክፈል ወይስ አይክፈል?

የእድሩ ጸሐፊ፦ ሰላም የድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ጎረቤቶች። ባለፈው ስብሰባ ያላለቀውን ጉዳይ እዚህ እንነጋገርበት። እድራችን ለቀብር፣ ለድንኳንና ለለቅሶ ቤት ይከፍላል። አሁን የቀረበው ሀሳብ፣ ሐዘን ለከበደበት አባል የስነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ለተወሰኑ ቀጠሮዎች እንክፈልለት የሚል ነው። እኔ ደግፌያለሁ። የተቃወማችሁ ምክንያታችሁን ጻፉ።

ጋሽ ከዚራ፦ ተቃውሜያለሁ፣ ዛሬም እቃወማለሁ። እድር ይቀብራል፣ ያጽናናል። ሰው ሲሞትብን ጎረቤት አብሮን ያድራል፣ ምግብ ይመጣል፣ ቄሱም ሼሁም ይመጣሉ። ሙስሊሙ ጎረቤታችን የክርስቲያኑን ድንኳን ሲተክል አይተን ነው ያደግነው። ይህ ሁሉ እያለን ለማያውቀን ሰው በሰዓት ከፍለን ልናለቅስ ነው? ድሬ ደግሞ ትንሽ ከተማ ናት። ሁሉም ይተዋወቃል። የነገርነው ነገር ማታ ሰፈር ውስጥ ቢወራስ?

ነርሷ፦ ጋሼ፣ ለቅሶው ይቅር ያለ የለም። አብዛኛው ሐዘንተኛ በቤተሰቡና በጎረቤቱ ይጽናናል፣ ባለሙያም አያስፈልገውም። የኔ ሐሳብ ድንኳኑ ከተነሳ በኋላ ስለሚቀሩት ጥቂቶች ነው። ወራት አልፈውም ልጅ መመገብ፣ ሥራ መግባት ያቃታቸው አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ይህን የተራዘመ ሐዘን ብሎ በበሽታዎች መዝገቡ አስገብቶታል። ቢያንስ 6 ወር ማለፍ አለበት። ያውም ሐዘኑ የሰውየው ባህልና ሃይማኖት ከሚጠብቀው በላይ ሲሆን ነው። አርባን፣ ተዝካርን ወይም ሰደቃን በሽታ ያለ የለም።

ትራውማ ደግሞ ሌላ ነው። አደጋ ያየ ሰው አደጋው አሁንም እየደረሰበት ያለ ይመስለዋል። በቅዠት ይነቃል፣ ድምጽ ያስበረግገዋል፣ ቦታውን ይሸሻል። እርሳው ስላሉት አይረሳውም።

የደቻቱ ልጅ፦ እኔ በቤቴ ያለውን ልናገር። በ1998 ሐምሌ መጨረሻ ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ የሆነ ወንዝ ነው። ውሃው የመጣው ከደጋው ነው። ታላቅ ወንድሜ አልተገኘም። የምንቀብረው አስከሬን እንኳ አልነበረንም። እናቴ ዛሬም ሌሊት ዝናብ ሲጥል ጫማዋን አድርጋ ቁጭ ትላለች። ሰፈሩ አልተዋትም፤ ቤታችን በለቅሶ ደራሽ ተሞልቶ ነበር። የሚላት ግን "በቃ፣ አታልቅሺ፣ ለቀሩት ልጆችሽ ስትይ" ነበር። ያንን ሌሊት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ንገሪኝ ያላት ሰው የለም። ለኛ እንዳትነግረን እንዳናዝን ትፈራለች። ጋሼ፣ ለእሷስ የሚሻላት የማያውቃት ሰው ነው።

ሐረር ጁገል፦ አቦ፣ አላህ ለእናትህ ትዕግስቱን ይስጣት። እኛ ጋ እንደ እድር ያለ አፎቻ የሚባል ማኅበር አለን፣ የሴቶቹም የወንዶቹም ለየብቻ ነው። ሐዘን የደረሰበትን ቤት ብቻውን አንተወውም። እና እኔ የምለው፣ ገንዘቡን ለባለሙያ ከመክፈል ከእድሩ ሴቶች ጥቂቶቹን አሰልጥኑበት። ባለሙያው እኮ እዚህም እዚያም ጥቂት ነው። አዲስ አበባ አማኑኤል የአእምሮ ሆስፒታል ድረስ የሄዱ አውቃለሁ።

ነርሷ፦ ይህም ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ያወጣው ፕሮብሌም ማኔጅመንት ፕላስ የሚባል መንገድ አለ። 5 ቀጠሮ ነው፣ እያንዳንዱ 90 ደቂቃ ገደማ። የሚሰጡት ሠልጥነው በባለሙያ የሚታገዙ ተራ ሰዎች ናቸው። ጭንቀትን በትንፋሽ ማርገብ፣ ችግርን ለይቶ መፍታት፣ ወደ ሥራና ወደ ሰው መመለስ ያስተምራሉ። ለከባድ ትራውማ ግን ይህ ብቻውን አይበቃም።

ጥሩ ባለሙያ ምን እንደሚያደርግ ልንገራችሁ። በመጀመሪያው ቀን ሁሉንም አውጣው አይልም። እንቅልፍህ እንዴት ነው፣ ቤት ውስጥ ማን አለህ ብሎ ይጠይቃል። እምነት ሲያድር ያንን ሌሊት በጥቂት በጥቂቱ ያስነግራል። ሲከብድ ያቆማል፣ በሌላ ቀን ይመለስበታል። አማኙን ከእምነቱ አያጣላም። የሚያጣድፍ ወይም የሚቆጣ ካጋጠማችሁ ቀይሩት።

ሌላም አለ፤ ይህ በጣም ያሳስበኛል። ለሐዘንተኛ ዲያዜፓም የሚባለውን የማረጋጊያ መድኃኒት ከጎረቤት ተውሳችሁ አትስጡ። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለ መድኃኒት ለሐዘን ተብሎ እንዳይሰጥ መክሯል። ሱስ ሊሆን ይችላል።

ጋሽ ከዚራ፦ የእናትህን ነገር ሳነብ ከበደኝ፣ ልጄ። የማያውቃት ሰው ይሻላታል ያልከውን ተቀብያለሁ። ግን ሁለት ነገር አልተመለሰልኝም። በአንድ ሳምንት ሁለት ቀብር ሲገጥም ካዝናው ይራቆታል። ለምክር ተብሎ ለድንኳን ኪራይ ሊቸግረን አይገባም። ሁለተኛ፣ ማን ይሄዳል የሚለውን ኮሚቴው ስም እያየ የሚያጸድቅ ከሆነ ወንዶቹ አይመጡም። እከሌ አእምሮው ተነካ ይባላል፣ ለልጁ ሚስት እስከመከልከል ይደርሳል።

የእድሩ ጸሐፊ፦ ትክክል ነው። ደንቡን እንዲህ አስተካክዬ አቀርባለሁ። ገንዘቡ ከቀብር መዋጮ አይነካም፤ በፈቃደኞች ለብቻው ይሰበሰባል። አባሉ ራሱ በቀጥታ ይሄዳል፣ ኮሚቴ አያጸድቅም። ባለሙያው ለእድሩ የቀጠሮውን ብዛት ብቻ ያሳውቃል፣ ስም አይጽፍም።

የደቻቱ ልጅ፦ ሐዘኑ የቆየበትስ? የእናቴ እኮ ከ1998 ጀምሮ ነው።

የእድሩ ጸሐፊ፦ የጊዜ ገደብ አላስገባሁም።

ጋሽ ከዚራ፦ አታስገባ። በገንዘቡ ላይ ግን ሒሳቡን ሳላይ ድምጼን አልሰጥም። እሁድ መዝገቡን ይዘህ ና።