ራዲዮ አስትሮኖሚ ወይስ የተለመደው ቴሌስኮፕ? ለጀማሪ የቱ ይሻላል?

ጥያቄ፦
ሰላም እንዴት ናችሁ። አስትሮኖሚ ልጀምር ካልኩ ቆየሁ ግን ከምን እንደምነሳ ግራ ገባኝ። በብርሃን የሚሰራው ቴሌስኮፕ ደመና ከመጣ አለቀለት፣ ራዲዮ (ከሰማይ የሚመጣውን የራዲዮ ሞገድ በአንቴና የሚቀበለው) ግን በቀንም በደመናም ይሰራል ሲሉ ሰማሁ። ታዲያ ለምን በቀጥታ በራዲዮ አልጀምርም? ሳተርንን ምናምን አይበታለሁ? ፎቶውስ ጥራቱ እንዴት ነው? ኮምፒውተር ላይ ደህና ነኝ፣ ኤሌክትሮኒክስ ግን ብዙም አላውቅም።

መልስ 1፦
ወንድሜ እኔ መጀመሪያ በአይንህ እይ ነው የምልህ። 10 በ50 ባይኖኩላር (10 ጊዜ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 50 ሚሊሜትር የሆነ) ካለህ የጨረቃን ጉድጓዶች፣ የጁፒተርን አራት ትልልቅ ጨረቃዎች፣ ሰማዩ ጨለማ ከሆነ ደግሞ አንድሮሜዳ ጋላክሲን ታያለህ፣ የሱ ብርሃን እኮ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ተጉዞ ነው አይንህ ውስጥ የሚገባው። ለሳተርን ቀለበት ትንሽም ብትሆን ቴሌስኮፕ ያስፈልግሃል። ፀሐይን ግን ያለ ትክክለኛ ፊልተር በፍጹም እንዳትሞክራት፣ አይንህን ታጣለህ።

መልስ 2፦
ፎቶ የምትለውን ነገር ከአሁኑ እርሳው፣ ቤት ውስጥ በሰራኸው ራዲዮ የሚመጣልህ ግራፍ ነው። ምክንያቱ የሞገዱ ርዝመት ነው፣ ሞገዱ በረዘመ ቁጥር ዲሹም በዛው ልክ መስፋት አለበት። የምናየው ብርሃን ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር ነው፣ ከሃይድሮጅን የሚመጣው ራዲዮ ግን 21 ሴንቲሜትር! ባለ 10 ሴንቲሜትር ቴሌስኮፕ ጥቃቅን ነገር የሚለየውን ያህል በ21 ሴንቲሜትር ልለይ ካልክ 38 ኪሎሜትር ገደማ የሚሰፋ ዲሽ ትፈልጋለህ ማለት ነው። ባለ 1 ሜትሩ ዲሽ በአንዴ 15 ዲግሪ ያህል ሰማይ ጠቅልሎ ነው የሚቀበለው፣ ጨረቃ ደግሞ ግማሽ ዲግሪ ናት፣ አስበው። ባለሙያዎቹም ለዚህ ነው የተራራቁ ዲሾችን አቀናጅተው የሚሰሩት፣ በ2019 የወጣው የብላክ ሆል ምስል የተገኘው እንደዛ ነው።

ግን ተስፋ እንዳትቆርጥ። ከካርቶንና ከአሉሚኒየም ፎይል ቀንድ የመሰለ አንቴና ሰርተህ፣ ለ1420 ሜጋኸርዝ (የዛ የ21 ሴንቲሜትር ሞገድ ፍሪኩዌንሲ ነው) የሚሆን ማጉያ ጨምረህ፣ ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ኤስዲአር ሪሲቨር (ሲግናሉን በኮምፒውተር ሶፍትዌር የሚሰራ ራዲዮ መቀበያ) ብታገናኘው የራሳችንን ጋላክሲ ሃይድሮጅን ትይዛለህ። እኔ መጀመሪያ ቀን ግራፉ ላይ ያቺ ጉብታ ብቅ ስትል እንባዬ ነው የመጣው። አንዳንዴ ጉብታው ሁለት ሦስት ቦታ ይከፈላል፣ ያ ማለት የጋላክሲው ክንዶች በተለያየ ፍጥነት ወደኛ ሲመጡ ወይ ሲርቁ ነው ፍሪኩዌንሲው የተቀያየረው፣ ጋላክሲው ሲሽከረከር ቁጭ ብለህ እየለካህ ነው። አቧራ የሚጋርደውን ቦታ ብርሃን አያሳይህም፣ ራዲዮ ግን አቧራውን አልፎ ይመጣል።

መልስ 3፦
በደመናም ይሰራል የተባለው ልክ ነው፣ ግን ራዲዮም የሚያበላሸው አለው። የኤልኢዲ አምፖል፣ ቻርጀር፣ የራስህ ላፕቶፕ ሳይቀር ኖይዝ (የሚረብሽ የራዲዮ ሞገድ) ይረጫል፣ ስለዚህ አንቴናውን ራቅ አድርገህ ትከል። ጁፒተርን ከወደድከው ደግሞ በ20 ሜጋኸርዝ አካባቢ ዲሽ ሳያስፈልግ በሽቦ አንቴና ድምፁን መስማት ይቻላል፣ ይሄ ከ1955 ጀምሮ የታወቀ ነገር ነው። ሁሌ አይሰማም፣ ትዕግስት ይጠይቃል።

ጠያቂው፦
በጣም አመሰግናለሁ! በቃ ባይኖኩላሩን አሁን እይዛለሁ፣ አንቴናውን ቀስ እያልኩ እሰራለሁ። ግን ሃይድሮጅኑን ለመያዝ ወዴት ነው የማዞረው?

መልስ 2፦
ማዞርም አያስፈልግህ፣ ቀጥ አድርገህ ወደላይ አቁመውና ላፕቶፑ ሙሉ ቀን ይቅዳ። ምድር ስትዞር ጋላክሲው ራሱ ባናትህ ላይ ያልፋል። ሲያልፍ ጉብታው ያድጋል፣ ሲሄድ ይቀንሳል። ሰዓቱን መመዝገብ እንዳትረሳ፣ በማግስቱ 4 ደቂቃ ቀድሞ ነው የሚመጣው።